ከመዝገብ ውጭ የሚቀር ሥራ

ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰው ሒሳብ ስመረምር ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ከእንዲህ ያለ ሰው የምትጠብቁት ምክር ስለ ቁጠባ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትርፍራፊ ክርና ስለ ልብ ወለድ ነው።

በእኛ ዘመን ሬዲዮኑም ሶፋውም ዳንቴል ይለብስ ነበር፤ ያውም ነጭ፣ እንከን የማይወጣለት። ለእንግዳ ዓይን የሚሠራ ስለነበር ኪሮሽ የያዘ እጃችን ይጨነቅ ነበር። ትርፍራፊ ክር ይህ ጭንቀት የለበትም። ከአንዱ ሹራብ የተረፈ ሰማያዊ፣ ከሌላው ብጫ፣ ክርኑ ካለቀና ከተተረተረ አሮጌ ሹራብ የወጣ ቡናማ፤ አብረው ይሄዳሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የተተረተረ ክር እንደተጨማደደ ነው የሚወጣው። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሙት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እሰሩት፣ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ስቀሉትና ከታች ትንሽ ክብደት ያለው ነገር አንጠልጥሉበት፤ ሲደርቅ ይቃናል። ከዚያ በውፍረት ለዩት። በቀለም መለየት ያጓጓል፤ ሥራን የሚያበላሸው ግን የውፍረት አለመመጣጠን ነው። ሁለት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ቢያዙ ከወፍራሙ ጋር ይስተካከላሉ፤ ቀለማቸው የተለያየ ከሆነማ ከገበያ የማይገኝ ዝንጉርጉር ይወጣል። ሱፍን ከአክሪሊክ፣ ማለትም ከሰው ሠራሽ ክር፣ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሱፉ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይጠባል፣ አክሪሊኩ ግን እንዳለ ይቀራል፣ ሥራችሁም ይጨማደዳል። በሹራብ መርፌ የምትሠሩ ደግሞ ቀለሙን በየሁለት ረድፉ ቀይሩ። ያቆማችሁት ክር በዚያው ጠርዝ ስለሚጠብቃችሁ በየጊዜው መቁረጥ አያስፈልግም።

እየሠሩ ማንበብም ይቻላል። አበባ የሚወጣለት ሥራ ዓይን መቁጠር ይፈልጋልና ከመጽሐፍ ጋር አይስማማም። ያው ረድፍ የሚደጋገምበት ኮፍያ ወይም የአንገት ልብስ ግን ዓይናችሁን ነፃ ይተዋል፤ ገጹ እንዳይከደን የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ካልሆነም ጆሮ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ እኛ ቤት ኪሮሽ የያዘ እጅ አይቆምም ነበር፤ የሚቆመው ወሬ ብቻ ነው። እናንተ ዛሬ ትረካ በስልካችሁ ታገኛላችሁ፣ ሰዓቱን መጠበቅ እንኳ የለባችሁም።

ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ ፈተና የለውም። ያልጣማችሁን በሠላሳኛው ገጽ ተዉት፤ የወደዳችሁትን ድገሙት። መንገድ ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁትን ደራሲ አንሱ። በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ ብለው የሚቆጥሩ ወጣቶችን ሳይ የሥራ ልማዴ ይነሳብኛል። ቁጥር የተጠየቀ መሥሪያ ቤት ቁጥር ያመጣል፣ ሥራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንባቢም እንደዚሁ፤ ቁጥሩ እንዲሞላለት ቀጫጭኑን መጽሐፍ መምረጥ ይጀምራል።

ኮፍያችሁን ያየ ሰው ሁሉ «ለምን አትሸጡትም?» ማለቱ አይቀርም። በእጁ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድገውን ሰው አከብራለሁ፤ ምክሬም ለእርሱ አይደለም። ሌላ መተዳደሪያ ያላችሁ ግን እምቢ በሉ። ዋጋ ከወጣለት ዕለት ጀምሮ ቀለሙን የሚመርጠው ደንበኛው ነው፤ እናንተም ደስ የሚል ምዕራፍ አቋርጣችሁ ለቅዳሜ የተቀጠረ ትእዛዝ ታደርሳላችሁ። ከአርባ መዝገብ በላይ የሚይዝ ቁም ሣጥን ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝና እመኑኝ፣ ሁሉም ነገር መመዝገብ የለበትም።

ለሰው ብትሰጡት ግን ደግ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት፤ ኮፍያቸው ትንሽ ስለሆነ ለሌላ የማይበቃው ክር ሁሉ ይበቃዋል። ቀይ ክር ከገባበት አስቀድማችሁ ቁራጩን አርጥቡና በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨምቁት። ቀለሙ ጨርቁን ከነካ ከነጩ ክር አጠገብ አታስገቡት።