ቲቸር፣ «ትንሽ ጨው» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጣና ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት የምትሠሩም፣ ቱሪስት ወደ ዘጌ የምታሻግሩም ስለ ምግብ እንግሊዝኛ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ትንንሽ መጠን ሆነ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የዓሣ ጉላሽ አሠራር ሳስረዳ «ኤ ስሞል ሶልት» እላለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ስሞል» ስለ አንድ ነገር ትንሽነት ነው፤ ጨው ደግሞ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። «ኤ ሊትል ሶልት» በል። በጣት የምትቆነጥራት ከሆነች «ኤ ፒንች ኦቭ ሶልት»።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ዳሽ»ስ?

መልስ፦ ጠርሙሱን አንዴ ነቅነቅ አድርገህ ጠብ የምታደርጋት ናት። ለኮምጣጤና ለሶስ ትሆናለች፤ ለዱቄት ቅመምም ይሏታል። አንዳንድ የመለኪያ ማንኪያዎች ላይ ዳሽ የሻይ ማንኪያ 1/8፣ ፒንች 1/16 ተብሎ ይጻፋል። ኩሽና ውስጥ ግን ማን ይለካል? እጅህ ምን እንደሚያደርግ እይ፣ ቃሉ ከዚያ ይመጣል። የተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ «ኤ ስኩዊዝ»፣ ማር ወይም ዘይት በቀጭኑ ስታንቆረቁር «ኤ ድሪዝል»።

ጥያቄ፦ ጀልባ ላይ «ዊ ሃቭ ሊትል ፉድ» አልኳቸው። እንግዶቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ምን ብዬ ነው?

መልስ፦ «ምግብ የለንም ማለት ይቻላል» ብለሃቸዋል! «ኤ ሊትል ፉድ» ብትል ኖሮ «ብዙ ባይሆንም አለን» ነበር። ያቺ «ኤ» ተራ ነገር እንዳትመስልህ፣ ነገሩን ከ«የለም» ወደ «አለ» የምታዞረው እሷ ናት። ለሚቆጠረውም እንዲሁ ነው፦ «ኤ ፊው ባናናስ» ሲባል ጥቂት ሙዝ አለ፣ «ፊው ባናናስ» ሲባል ግን አይበቃም። ከጀልባ ጉዞ በፊት ይህን የሰማ ቱሪስት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትስ ምን እንበል? ማዘር ቤት የምግብ ሥልጠና እሰጣለሁ።

መልስ፦ «ኤ ክሎቭ ኦቭ ጋርሊክ» በዪ፤ ሙሉው ራስ «ኤ ሄድ ኦቭ ጋርሊክ» ነው። «ኦቭ ጋርሊክ»ን እንዳትተዪው። ቅርንፉድም «ክሎቭ» ስለሚባል ሰልጣኞችሽ ወጡ ውስጥ ቅርንፉድ ይጨምሩልሻል።

ጥያቄ፦ አንዲት እንግዳ «ጀስት ኤ ባይት» አለችኝ። ምን ያህል ላምጣ?

መልስ፦ ቀጥሎ የመጣውን ቃል ስማ። «ኤ ባይት ኦቭ ፊሽ» ካለች ለቅምሻ፣ አንድ ጉርሻ ያህል። «ኤ ባይት ቱ ኢት» ካለች ግን ቀለል ያለ ምግብ ፈልጋለች፣ ሜኑውን አቅርብላት። ካልገባህ ጠይቃት፣ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ «ዋን ብሬድ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ቁራጩ «ኤ ስላይስ ኦቭ ብሬድ» ነው። ለእንጀራና ለኬክ «ኤ ፒስ ኦቭ» ይሠራል። ቡና ፉት ለማለት «ኤ ሲፕ»።