የፀጉር ቀለም አለርጂ ይዘሽ ፕሪቫት ልትገቢ ነው?

እህቴ፣ "የፀጉር ቀለም አለርጂ አለብኝ፣ እዚህ ጀርመን ከካሴ (ከመደበኛው የሕዝብ ጤና ኢንሹራንስ) ወጥቼ የግል ጤና ኢንሹራንስ ልገባ ነው፣ ፎርሙ ላይ ልጻፈው ወይስ ይለፈኝ?" ብለሻል። ጻፊው! እኔን ያየ ይቀጣ።

1. መጀመሪያ ፋይልሽን ከሐኪምሽ ተቀበይ። መብትሽ ነው። አንቺ የምታስታውሺውና ሐኪሙ የጻፈው አይገናኝም። እኔ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ዋዜማ ጥቁር ቀለም ተቀብቼ፣ በነጋታው ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። ግንባሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ክርስትናው ቀርቶብኝ ሆስፒታል አደርኩ።

2. ያቺ አንድ ሌሊት ናት ጉድ ያደረገችኝ። ፎርሙ "ባለፉት 5 ዓመታት ሆስፒታል ተኝተዋል?" ይላል። ኢንሹራንሱን የሸጠልኝ ሰውዬ ሳቀብኝ። "ለፀጉር ቀለም? ተይው ባክሽ" አለና ራሱ "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እኔ ሞኟ ፈረምኩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ እጄን አሳከከኝ። ቆዳ ሐኪሙ ለአለርጂ ምርመራ ኬሚካሎች ያሉበት ፕላስተር ጀርባዬ ላይ ለጥፎ ከ48 ሰዓት በኋላ አነሳው፣ በ72ኛው ሰዓት እንደገና አየው። በዚያ ሙቀት ሻወር የለም! ፒፒዲ የሚሉት የጥቁር ቀለሙ ኬሚካል ያረፈበት ቦታ ብቻ ቀልቶ አብጧል። ሂሳቡን ለኢንሹራንሱ ስልክላቸው የድሮ ፋይሌን ጠየቁ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ በወር 41 ዩሮ ጭማሪ፣ ያውም ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ። ስደውል ሴትዮዋ "ፊርማው የእርስዎ ነው" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሰውዬውማ ስልክም አያነሳ። ጭማሪው ከ10 በመቶ ቢያልፍ ሕጉ በአንድ ወር ውስጥ ውሉን እንዳፈርስ ይፈቅድልኝ ነበር። የኔ ለጥቂት አነሰ፤ ዕድሌ!

ደግሞ ጊዜ ያልፋል ብለሽ አትደብቂ። ሳያስተውል ለተሳሳተ 3 ዓመት ነው፣ ሆን ብሎ ለደበቀ ግን እስከ 10 ዓመት ይመጡበታል።

3. ስምሽን ሳትሰጪ አስጠይቂ። ማክለር ያዢ፣ የአንድ ኩባንያ ሻጭ ያልሆነ የኢንሹራንስ ደላላ ማለት ነው፣ በሽታሽን ብቻ ጽፎ ለብዙ ኩባንያ ይልካል። በስምሽ አመልክተሽ ከተከለከልሽ ቀጣዩ ፎርም እሱንም ይጠይቅሻል። ባለቤቴ ሣይነስ አለበት፣ ዘንድሮ እንዲህ አድርጌ አራት ቦታ አስጠየቅሁለት። ሁለቱ ያለ ጭማሪ እንቀበላለን አሉ። ወረቀቱን ሁሉ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጀርመንኛዬ!

ቆዳ ሐኪምሽ "ቆዳ ላይ ብቻ ነው፣ አስም የለባትም" ብሎ ከጻፈልሽ አብረሽ አያይዢው። ፍራንክፈርት አካባቢ ከሆንሽ የማክለሩን ስልክ በውስጥ እልክልሻለሁ። የዚያን ሰውዬም እልክልሻለሁ፣ ሲደውልልሽ እንዳታነሺ።