ፋርም ዲ ለመግባት ለምታመለክቱ ልጆቻችን

ልጆቼ፣

አሜሪካ ውስጥ ዛሬ አዲስ ፋርማሲስት የሚወጣው በአንድ ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዶክተር ኦፍ ፋርማሲ፣ በአጭሩ ፋርም ዲ። የድሮው የአምስት ዓመት ባችለር ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ "ፋርማሲ ልማር ነው" ስትሉ ቢያንስ ሁለት፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ቅድመ ትምህርት፣ በዚያ ላይ በአብዛኛው አራት ዓመት ማለታችሁ ነው። የምጽፈው በፋርማሲ ቴክኒሽያንነት እየሠራችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለጀመራችሁ፣ እዚህ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ፣ ወይም በቅርቡ በዲቪ ለመጣችሁ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እወቁልኝ። በሩ ላይ የነበረው ግፊያ ቀንሷል። ባለፉት አስር ዓመታት የአመልካቹ ቁጥር ወርዷል፤ ፒካት የሚባለው የመግቢያ ፈተናም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቀርቷል። ብዙዎች ይህን የምሥራች ብለው ይነግሯችኋል። እኔን ግን ያሳስበኛል። ድሮ ኬሚስትሪው ያልጠነከረ ልጅ በሩ ላይ ይመለስ ነበር፤ አሁን ገብቶ፣ ተበድሮ፣ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወይም ተመርቆ የፈቃድ ፈተናውን፣ ናፕሌክስን፣ ማለፍ ያቅተዋል። ዕዳው ግን አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ማመልከቻውን ስታስቡ "ይቀበሉኝ ይሆን?" ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ "ፈቃዴን ይዤ እወጣ ይሆን?" ብላችሁም ጠይቁ። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

ሁሉን ነገር የሚወስነው የኬሚስትሪው ሰንሰለት ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ አንድን ሳታልፉ ሁለትን፣ ሁለትን ሳታልፉ ኦርጋኒክ አንድን፣ እሱን ሳታልፉ ኦርጋኒክ ሁለትን መውሰድ አይቻልም። ይህ አራት ሴሚስተር ነው፤ ባዮኬሚስትሪ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከሆነ አምስት። ኮሌጁ በምደባ ፈተና መሠረታዊ አልጀብራ ወይም የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ውስጥ ካስገባችሁ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ያ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ቀላል ቀላሉን ይወስዳሉ፤ ሳይኮሎጂውን፣ ኢኮኖሚክሱን፣ የንግግር ኮርሱን። "ግማሹን ጨረስኩ" ይላሉ። የቀረው ግን ከባድ ከባዱ ነው፤ እሱም በተርታ እንጂ በአንዴ አይወሰድም። እንዲህ ነው አንድ ዓመት ሳይታወቅ የሚጠፋው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኬሚስትሪ የሌለበት ሴሚስተር አይኑራችሁ፤ ቀላሉን ኮርስ ከከባዱ ጎን ማረፊያ አድርጉት።

ከኬሚስትሪው ሌላ ባዮሎጂ ከነላቡ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰት ይጠየቃል። ፊዚክስ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም። አንዳንዱ ዕድሜው የገፋ የሳይንስ ክሬዲት አይቀበልም፤ አንዳንዱ በኢንተርኔት የተወሰደ ላብ አይቀበልም። ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰዱና ትምህርት ቤቶቹን በአናት፣ ኮርሶቹን በጎን ጽፋችሁ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ እያንዳንዱን ሳጥን ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ገጽ ሙሉ፤ በየዓመቱ ደግሞ እንደገና አረጋግጡ። ጓደኛ የነገራችሁ ነገር እሱ የገባበት ዓመት ሕግ ነው።

ስለ ውጤት። ሲ ማይነስ ብዙ ቦታ እንዳለፋችሁ አይቆጠርም። የደገማችሁት ኮርስም እንደምታስቡት አይጠፋም። ኮሌጃችሁ "የመጀመሪያው ተሰርዟል" ብሎ በትራንስክሪፕቱ ላይ አዲሱን ኤ ብቻ ቢያሰላ፣ ፋርምካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት ግን ሁለቱንም ይደምራል። በኦርጋኒክ ዲ አግኝታችሁ ደግማችሁ ኤ ብታመጡ፣ እነሱ ዘንድ ያ ኮርስ 4.0 ሳይሆን 2.5 ሆኖ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ምክንያት እየሰመጠ ባለ ሴሚስተር ላይ እስከ መጨረሻው ከመሟገት፣ የመውጫው ቀን ሳያልፍ ኮርሱን በደብሊው (ጂፒኤ ውስጥ በማይገባው የ"ኮርሱን ትቷል" ምልክት) መተው ይሻላል። አንድ ደብሊው ማንንም አያስደነግጥም። ሦስትና አራት ሲሆን ግን ይጠይቋችኋል። ለቤት ኪራይና ሀገር ቤት ላለ ቤተሰብ ብላችሁ በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ኦርጋኒክ በያዛችሁበት ሴሚስተር ሥራውን ወደ 20 ሰዓት የምታወርዱበትን መንገድ ከአሁኑ አስቡ፤ ሌላውን ኮርስ በድካም ማለፍ ይቻል ይሆናል፣ ኦርጋኒክን ግን አይቻልም።

ፋርምካስ በየዓመቱ በጁላይ ይከፈታል፤ በእሱ የምታመለክቱት በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት ለሚጀምረው ትምህርት ነው። ስታመለክቱ ኮርሱ ሁሉ ማለቅ የለበትም፤ የቀረውን "እወስዳለሁ" ብላችሁ ትሞላላችሁ፣ ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ ታድሳላችሁ። ሥርዓቱ ከመዘጋቱ በፊት ብዙ ወራት አሉ፤ ሆኖም ወንበሩና ስኮላርሺፑ ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ የገባ ማመልከቻና በማርች የገባ ማመልከቻ እኩል አይታዩም።

ፎርሙ ላይ የተማራችሁበትን ኮሌጅ በሙሉ፣ አንድ ኮርስ ብቻ ወስዳችሁ የተዋችሁትን ጭምር፣ መዘርዘር አለባችሁ። እያንዳንዱን ኮርስ በትራንስክሪፕቱ ላይ እንደተጻፈ፣ ቁጥሩን፣ ክሬዲቱን፣ ውጤቱን ሳትለውጡ ትገለብጣላችሁ፤ የወደቃችሁበትንም፣ የተዋችሁትንም፣ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያውንም። ካጎደላችሁ ማመልከቻው ተመልሶ ይመጣል፣ ተራችሁም ወደ ኋላ ይሄዳል። ሕጋዊው ትራንስክሪፕት ደግሞ ከየኮሌጁ ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት እንጂ በእናንተ እጅ አይሄድም። አንዱ ኮሌጅ ዘንድ ያልተከፈለ የላይብረሪ ወይም የፓርኪንግ ቅጣት ካለ ትራንስክሪፕቱ ሊያዝ ይችላል፤ ይህን በሜይ አጣሩት፣ በኦገስት አይደለም።

እኛን ለይቶ የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስምና የዘመን አቆጣጠር። በሀገር ቤት ሰነድ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ እዚህ አንዱ መዝገብ አባትን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ሌላው አያትን። ፊደሉም ይለያያል። ማመልከቻው ላይ በፓስፖርታችሁ ወይም በግሪን ካርዳችሁ ያለውን ስም ብቻ ተጠቀሙ፤ በሌላ አጻጻፍ የወጣ ሰነድ ካለ ሌሎች ስሞች በሚለው ሳጥን ሁሉንም ሙሉ። ያለበለዚያ ትራንስክሪፕታችሁ ደርሶም "አልደረሰም" ይባላል። በዓመተ ምሕረት የተጻፈ ቀን ደግሞ በአማካይ አይቀየርም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው የሚደመረው፤ መስከረም 2010 ሴፕቴምበር 2017 ነው፣ ሐምሌ 2014 ግን ጁላይ 2022። ሁሉም ላይ ሰባት የደመረ ልጅ የሀገር ቤት ትምህርትን ከሚገመግመው ድርጅት ወረቀት ጋር የማይገጥም የምረቃ ዓመት ይጽፋል።

በሀገር ቤት የተማራችሁት ካለ ፋርምካስ በጂፒኤው ውስጥ አያስገባውም። እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ወይም ኢ ሲ ኢ ባለ ገምጋሚ ድርጅት፣ ያውም ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ዓይነት ግምገማ ማሠራት አለባችሁ። ጠቅላላ ዲግሪውን ብቻ የሚያመዛዝነው ርካሹ ግምገማ ለዚህ አይጠቅምም፤ ገንዘብ ሁለቴ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

ድርሰቱ ቦታን ጨምሮ 4,500 ፊደል ነው፤ ከዚያ ካለፈ አይቀበልም። ያው ድርሰት ለሁሉም ትምህርት ቤት ስለሚሄድ የአንዱን ስም አትጥቀሱበት። ሥራውን በቅርብ አይታችሁ ከሆነ ደግሞ "ሰው መርዳት እወዳለሁ" የሚለው ዓረፍተ ነገር አያስፈልጋችሁም። አንድ ነገር አጉልታችሁ አሳዩ። ለምሳሌ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ያለው 100 ሚሊ ሊትር የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ለአንድ ሕፃን በቀን ሁለት ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝ ልክ አስር ቀን ይበቃል። እናቱ "አንድ ማንኪያ" ሲሏት ያነሳችው የሾርባ ማንኪያ ከሆነ ግን 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ልጁ ሦስት እጥፍ ይወስዳል፣ ጠርሙሱም በአራተኛው ቀን ያልቃል። በአራተኛው ቀን ባዶ ጠርሙስ ይዛ የመጣችን እናት "ገና ነው፣ ኢንሹራንሱ አይከፍልም" ብሎ የሚመልስና "የቱን ማንኪያ ነው የተጠቀምሽው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ አይደሉም። አማርኛ የምትናገሩ ልጆች ይህን ጥያቄ በእናትየዋ ቋንቋ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህ በማንም ጂፒኤ ውስጥ የሌለ ሀብት ነው፤ በድርሰታችሁ ውስጥ ቦታ ስጡት።

የድጋፍ ደብዳቤ ከሳይንስ መምህርና ከሚያሠራችሁ ፋርማሲስት ይሁን። ከዘመድ፣ ከቤተሰብ ወዳጅ፣ ከቄስ ወይም ከሼኽ የመጣ ደብዳቤ ብዙ ትምህርት ቤት አይቀበልም፤ የቱንም ያህል ቢያከብሯችሁ። መምህሩን ሁለት ወር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው በኢሜይል ስለሚላክ በማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር በሳምንቱ አስታውሷቸው። ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን እንደተዋችሁ የሚጠይቀውን ሳጥን "አዎ" በሉት፤ ሳይታይ የተጻፈ ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

ቃለ መጠይቁ ላይ አስተዳደጋችን ይፈትነናል። ታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ ድምፅን መቀነስ፣ "እኔ ሠራሁ" ከማለት "ሠራን" ማለት ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ጠያቂው ግን በራስ አለመተማመን አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ቀና ብላችሁ እዩ፣ የሠራችሁትን በራሳችሁ ስም ተናገሩ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከክፍል ክፍል እያዟዟረ አጫጭር ጥያቄ ያቀርባል፤ በር ላይ የተለጠፈውን ጉዳይ ታነባላችሁ፣ ገብታችሁ በጥቂት ደቂቃ ትመልሳላችሁ። አንዱ ላይ ብትሳሳቱ የሚቀጥለው ክፍል ያለው ሰው ስለማያውቅ እዚያው ጥላችሁት እለፉ። ልምምዱን ስልክ ላይ ሰዓት ቆጥራችሁ፣ ከወዳጅ ጋር፣ በእንግሊዝኛ አድርጉት።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ሕንፃውን ተዉት። ሦስት ነገር እዩ፦ በኤሲፒኢ (የፋርማሲ ትምህርት ቤቶችን ዕውቅና በሚሰጠው አካል) ዕውቅና ያለበትን ደረጃ፣ ተመራቂዎቹ ናፕሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉበትን መቶኛ፣ ከገቡት ውስጥ በሰዓቱ የተመረቁትን። የማለፊያው መቶኛ በየዓመቱ በትምህርት ቤት ተለይቶ ይወጣል፤ የአንድ ዓመቱን ሳይሆን የሦስት ዓመቱን ተመልከቱ። እየወረደ ከሆነና የቅበላ ክፍሉ ምክንያቱን ሲጠየቅ ወሬ ከቀየረ፣ ስኮላርሺፕ ቢሰጧችሁም እለፉት። በዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ አለ፤ በሜሪላንድ ፕሪንሰስ አን ከተማ ያለው የሜሪላንድ ኢስተርን ሾር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሦስት ዓመት ያስመርቃል። ሦስት ዓመቱ የአንድ ዓመት ኪራይ ያድናል፤ የሰመር ዕረፍት ስለሌለው ግን እየሠራችሁ የምትማሩበት አይደለም።

የብድሩ ሕግ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የድኅረ ምረቃና የሙያ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር አያገኝም፤ ለፋርም ዲ ተማሪ የፌዴራል ብድሩ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። የትምህርት ክፍያውና ኑሮው አንድ ላይ ከ50,000 ካለፈ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ከመፈረማችሁ በፊት መታወቅ አለበት። ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነት የተፈቀደለት ይበደራል፤ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለና ቲ ፒ ኤስ (ጊዜያዊ የከለላ ፈቃድ) ብቻ የያዘ አይበደርም። የማመልከቻውን ክፍያ ለሚቸገር ከፋርምካስ ክፍያ ነፃ መሆኛ መንገድ አለ፤ የሚጠየቀው ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ነው፣ ቀድሞ ለጠየቀም ይሰጣል።

በሀገር ቤት የአምስት ዓመቱን ፋርማሲ ጨርሳችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ፋርም ዲ ከመጀመራችሁ በፊት የውጭ ተመራቂዎችን መንገድ እዩ። ሰነድ ታስገመግማላችሁ፣ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ትፈተናላችሁ፣ ኤፍ ፒ ጂ ኢ ኢ የሚባለውን ፈተና ታልፋላችሁ፣ ከዚያ በምትኖሩበት ስቴት የኢንተርን (በፋርማሲስት ሥር የሚደረግ የሥራ ልምምድ) ሰዓት ሞልታችሁ ለናፕሌክስ ትቀርባላችሁ። ብዙዎችን የሚያቆመው የቶፍል የንግግር ክፍል ነው፤ ከፋርማኮሎጂው ቀድማችሁ እሱን አጥኑ።

ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ የክትባትና የጤና ወረቀት ይጠየቃል፦ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኩፍኝ፣ ጉድፍ፣ ቴታነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ሀገር ቤት የተወለዳችሁ ክንዳችሁ ላይ የቢሲጂ፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ክትባት፣ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። ቢሲጂ የተከተበ ሰው በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሳይታመም ሊያብጥበት ይችላል፤ ከዚያ ኤክስሬይ፣ ቀጠሮ፣ ደብዳቤ እየተባለ የልምምዱ መጀመሪያ ይዘገያል። ክሊኒኩ መርፌውን ከማዘጋጀቱ በፊት በደም የሚሠራውን ምርመራ ጠይቁ፤ ሄፓታይተስ ቢም ሦስት ዙር ሆኖ ስድስት ወር ሊወስድ ስለሚችል የመጀመሪያውን ዙር በየካቲት ውሰዱት።