ርዕስ ብትቀይሩም ሙያችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አቃቂ ቤቴ ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አይቀርላቸውም። «ጋሼ፣ በእባብ መርዝ ጀምረው እንዴት የባክቴሪያ ቫይረስ ውስጥ ገቡ?» ይሉኛል። ጥያቄው ውስጥ የራሳቸው ጭንቀት አለ። የማስተርስ ርዕሳቸው ዕድሜ ልክ የሚያስራቸው ይመስላቸዋል።

አያስራችሁም። እኔን ያሻገረኝ አንድ ኢንዛይም ነው።

የእባብ መርዝ አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው። የእፉኝት መርዝ ውስጥ ደም የሚያፈስና ሥጋ የሚጎዳ ይበዛል፣ የኮብራ መርዝ ደግሞ በአብዛኛው ነርቭ ላይ ይሠራል። ከነዚህ መሃል ፎስፎዳይስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ዲኤንኤን ከአንድ ጫፉ ይዞ ፊደል በፊደል እየቆረጠ ይሄዳል። ወጣት ሳለሁ ሥራዬ እሱን ለይቶ ማጥራት ነበር። ደርቆ ቢጫ ዱቄት የሆነውን መርዝ ታሟሟላችሁ፣ በኮለም (ድብልቁን በሚለያይ ቱቦ) ታሳልፋላችሁ፣ ከየብልቃጡ እየቀዳችሁ ትለካላችሁ፣ አብሮት ሌላ ኢንዛይም ከተገኘ ውጤቱን ስለሚያበላሸው እንደገና ከመጀመሪያው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን እጅ የሚፈታው እዚያ ነው። (እባብ ያዝክ ወይ ለምትሉኝ፣ በፍጹም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከዱቄቱ ጋር ነው፣ እናንተም መያዙ ይቅርባችሁ።)

ዘመድ ሁሉ «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ይለኝ ነበር። ካፕቶፕሪል የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ስም እጠራላቸዋለሁ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብራዚላዊው ተመራማሪ ፌሬራ በአንድ የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ ያደረገው ጥናት ነው። ያኔ ዝም ይላሉ።

ወደ ቫይረሱ ልመለስ። እንደዚህ ዓይነት ኢንዛይም የሚፈልገው ማን ነው? ዲኤንኤና አርኤንኤ የሚያጠና ሰው። በዚያ ዘመን ደግሞ አጭር ስለሆነ ለማጥናት የሚመቸው የፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ዲኤንኤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪዎቹ ፊርስና ሲንሻይመር ፋይ ኤክስ 174 የተባለውን ፋጅ ዲኤንኤ ከጫፍ ለሚቆርጡ ኢንዛይሞች ሰጡት። ኢንዛይሞቹ የሚጀምሩበት ጫፍ አጡ። ለካስ ዲኤንኤው ቀለበት ነው! ይህን ያነበብኩ ቀን ለካ እኔም ፋጅ ማጥናት እችላለሁ አልኩ። መሣሪያው እጄ ላይ ነበራ። ርዕሱ አዲስ ነበር፣ ማጥራቱና መለካቱ ግን ያው የማውቀው ነው።

ለፋጅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ የሚያጠቃው ቫይረስ አይጠፋም፣ የአዲስ አበባ ፍሳሽ ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው። ውሃውን 0.22 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ታሳልፉታላችሁ፣ ባክቴሪያው ይቀራል፣ ፋጁ ያልፋል። ያለፈውን ከምታውቁት ባክቴሪያና ከለስላሳ አጋር (ባክቴሪያ ከሚያድግበት ጄሊ) ጋር ቀላቅላችሁ ሳህን ላይ ታፈሳላችሁ። በማግስቱ ባክቴሪያው ካለቀበት ቦታ ላይ ጥርት ያሉ ክቦች ታያላችሁ። ጓንት ሳታደርጉ ግን ውሃውን እንዳትነኩት፤ በዚሁ ውሃ ቆስጣ እንደሚለማ የሰፈራችን ሰው ያውቃል።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፦ መብራት እየሄደ እየመጣ ለሚሠራ ሰው የናሙናው ጽናት ትልቅ ነገር ነው። በደንብ ተዘግቶ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ደረቅ መርዝ ዓመታት ይቆያል። ብዙ ፋጆችም ተራ ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያሉ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ካልሆነ የሚበላሽ ናሙና ይዞ ጄኔሬተር እስኪነሳ መጠበቅን ለጠላቴም አልመኝም። ርዕስ ስትመርጡ ይሄንንም አስቡበት፣ ነውር የለውም።

እና ከአማካሪያችሁ ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ ስለ ርዕሱ አርፍተ ነገር አትጨቃጨቁ። «ስጨርስ በእጄ ምን መሥራት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ናሙና ሰብስበህ ውጭ ትልካለህ፣ ውጤቱ በኢሜይል ይመጣልሃል» ከሆነ፣ ቢያንስ ማጥራቱንና የመጀመሪያውን ልኬት እዚሁ ልሥራው ብላችሁ ተደራደሩ። በትህትና ከጠየቃችሁ አብዛኞቹ እምቢ አይሉም።