ፒራሚድ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆቼ፣ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ትልቅ የካርቶን ፒራሚድ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከተር ከማንሣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ዕድሜዬን በሕንፃ ሥራ ያሳለፍኩ የአዳማ ሰው ነኝ። የሰፈራችን ልጆች ሲሠሩም አያለሁ። አብዛኞቹ የሚደክሙት ለቀለሙ ነው። ፒራሚዱን የሚያቆመው ግን የማይታየው የውስጡ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ልኩ። ጊዛ ያለው የኩፉ ፒራሚድ ከ4500 ዓመት ገደማ በፊት ሲሠራ የአንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር፣ ቁመቱ 146 ሜትር ግድም ነበር። ግብፆቹ ተዳፋቱን ያወጡት በክንድና በጋት ነው፤ ልክ እንደ አያቶቻችን። አንድ ክንድ ማለትም ሰባት ጋት ሽቅብ ሲወጣ፣ አምስት ጋት ተኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሒሳብ መሠረታችሁ 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁመቱ 70 ይሆናል።

ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ማዕዘኑንም በ70 ቁመት ይቆርጠዋል። ጎኑ እኮ ያዘነበለ ነው! የፓይታጎረስን ቀመር ብትሠሩት 89 ሴንቲ ሜትር ይመጣላችኋል። በ70 ከቆረጣችሁት ፒራሚዱ ሲገጠም ቁመቱ 44 እንኳ አይሞላም። አራቱንም ጎን በአንድ ፎርማ ቁረጡ። የኩፉ አባት ስነፍሩ ዳህሹር ላይ ያሠራው ፒራሚድ መሃል ላይ ተዳፋቱ ስለተለወጠ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጎብጦ ይታያል።

መሠረቱ ካሬ መሆኑን በዓይን አትመኑ። ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 155 ተኩል ሴንቲ ሜትር ግድም፣ ቀጥሉ።

አሁን ወደ ውስጡ። ከፍሪጅ ካርቶን ሁለት ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ ወርዳቸው የሰያፉን ያህል፣ ቁመታቸው 70። አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች እስከ ግማሹ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሰንጥቋቸውና አቆላልፋችሁ በመስቀል አቁሟቸው። አራቱ ጠርዞች የሚያርፉት በነሱ ላይ ነው። ካርቶኑን ከዳር በኩል ብታዩት፣ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ሽንሽን ወረቀት አለ። ሽንሽኑ እንደ ቋሚ ከታች ወደ ላይ ይቁም። ከተጋደመ ካርቶኑ በራሱ ክብደት ይታጠፋል፤ ይህን በጣቶቻችሁ መሃል አጥፋችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ካርቶን አልበቃ ካለ ቀጥሉ፣ ግን መቀጠያዎቹ በአንድ መስመር አይግጠሙ፤ ብሎኬት ሲደረደር እንደምታዩት ነው።

ላዩን ወረቀት ስትለብጡ ኮላው ወይም የፉርኖ ዱቄቱ ሙጫ አይቅጠን። ሌላም አለ፤ በአንድ ፊት ብቻ ከለጠፋችሁ ወረቀቱ ሲደርቅ ይሸበሸብና ካርቶኑን ይስበዋል፣ ጎኑ ይጎብጣል። በውስጥ በኩልም ወረቀት ለጥፉበት። ቀለም የፈለጋችሁትን።

እንዲደርቅ ግቢ አታውጡት። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማችን ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው እሱ ነው። ቤት ውስጥ፣ መስኮት ከፍታችሁ አድርቁት። እና በሩን ለኩ፦ ቁመቱ 70 የሆነው በጎኑ ተጋድሞ በተራ በር ያልፋል። 220 በ140 ልትሠሩ ያሰባችሁ ግን አራቱን ጎን ለየብቻ ይዛችሁ ሂዱና ኤግዚቢሽኑ ቦታ ላይ ግጠሙት።