ስካነሩም ጃንጎም ልክ ናቸው፤ ከፊት ያለውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ጅማ ላለ የእንግዳ ማረፊያ በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን በሚሰራው የድረ ገጽ መስሪያ ፍሬምወርክ፣ ሳይት ሰርተሻል። የደህንነት ክፍተት የሚፈልግ ስካነር ሲፈትሸው «ሄደር ኢንጄክሽን» ብሎ በቀይ ጻፈብሽ። ጃንጎ ደግሞ አዲስ መስመር የያዘ ሄደር እንደማይቀበል ታውቂያለሽ። «ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጅማ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቀን ተቀቅያለሁና ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ሰርቨር መልስ ሲሰጥ ከገጹ በፊት ስለ መልሱ የሚናገሩ አጫጭር መስመሮችን፣ ሄደሮቹን፣ ይልካል፤ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር። መስመሩ ማለቁ የሚታወቀው በሁለት የማይታዩ ቁምፊዎች ነው። ቁጥራቸው 13 እና 10 ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲጻፉ «%0ዲ%0ኤ» ይሆናሉ። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ እነሱን እንደያዘ ሄደር ውስጥ ከገባ፣ ከነሱ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ራሱን የቻለ ሄደር ሆኖ ይነበባል። ጥንዱ በተከታታይ ሁለቴ ከገባ ደግሞ ባዶ መስመር ይፈጠርና ቀሪው እንደ ገጽ ይታያል። ኩኪ (ብራውዘር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ) መትከል፣ ስክሪፕት መክተት፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣል።

ፍሬምወርኮቹ ይህን ከነቁበት ቆይተዋል። ፒኤችፒ ከ5.1.2 ጀምሮ በአንድ ጥሪ ሁለት ሄደር አያስልክም። ጃንጎም ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ስለዚህ እኔ አሁን እንዲህ ያለ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሬምወርኩን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ነው።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ለአንድ ቡና ነጋዴ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የሚሰራ ሳይት ሰርቼ ነበር። ስካነሩ ልክ እንዳንቺው ጮኸብኝ። ቋንቋ መቀየሪያውን ጠረጠርኩ፣ ምርጫውን ኩኪ ላይ ስለሚጽፍ። ሁለት ቀን እሱን ስገለባብጥ ዋልኩ። ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ፣ የጃንጎን ሎግ፣ የደረሱትን ጥያቄዎች መዝገብ፣ ከፈትኩ። ስካነሩ የላከው ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም። ጃንጎ ጋ አልደረሰማ! መልሱን የሰጠው ከጃንጎ ፊት ቆሞ ጥያቄዎችን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር፣ ኤንጂንኤክስ፣ ነበር።

ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ የሚያዛውር አንድ መስመር ነበረኝ። ከየት ኮፒ እንዳደረግኩት አላስታውስም። መጨረሻው ላይ «ዩአርአይ» የሚባለው ቫሪያብል አለ፣ የዶላር ምልክት ከፊቱ ያለው። ኤንጂንኤክስ እሱን ፈትቶ ነው የሚይዘው። «%0ዲ%0ኤ» ብሎ የመጣው እዚያ እውነተኛ የመስመር መቁረጫ ይሆንና እንዳለ ብራውዘሩን ወዴት እንደሚሄድ በሚነግረው ሎኬሽን ሄደር ውስጥ ይገባል። ከተርሚናል ጥያቄ በሚልከው መሣሪያ፣ በከርል፣ ሞከርኩት። ከአድራሻው ጫፍ እነዚያን ስድስት ምልክቶች ጨምሬ፣ ከነሱ ቀጥሎ «ቡና» የምትባል ኩኪ የምትተክል ሄደር ጻፍኩ። መልሱ መጣ፤ 301፣ ሎኬሽን፣ ከሱ በታች ደግሞ ብቻዋን ቁጭ ያለች ኩኪዬ። ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው። «ዩአርአይ» ያለውን «ሪኩዌስት ዩአርአይ» በሚለው ቫሪያብል ተኪው። እሱ ደንበኛው እንደላከው፣ ሳይፈታ ነው የሚያሳልፈው። ኮንፊጉን አስፈትሸሽ ሪሎድ አድርጊ። ያንቺም ችግር ይኸው ይመስለኛል። ግን አትመኚኝ፣ መጀመሪያ የጃንጎን ሎግ እዪ። ጥያቄው እዚያ ከሌለ የጃንጎን ኮድ መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

አስተያየት ላይ አንዱ «መጥፎዎቹን ቁምፊዎች ሰርዢ፣ አለቀ» ብሎሻል። አላለቀም። ቆየት ያለው ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያሰራው) ሄደር ሲጽፍ ከእያንዳንዱ ፊደል ኮድ የመጨረሻዋን ባይት ብቻ ይወስድ ነበር። እስቲ የኛን ፊደል እዪው። በዩኒኮድ የ«ል» ኮድ 120ዲ ነው፤ የ«ሊ» ደግሞ 120ኤ። ከፊት ያለው 12 ሲቆረጥ የሚቀረው 0ዲ እና 0ኤ ነው፤ 13 እና 10 ማለት ነው። ማጣሪያሽ የሚያየው ንጹሕ አማርኛ ነው፣ ከወዲያ የሚወጣው ግን የመስመር መቁረጫ። ሄደር አንባቢዎች ደግሞ 10 ብቻዋን ብትመጣም እንደ መስመር መጨረሻ እንዲቀበሏት ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል። በዚያ ሂሳብ «አሊ» የሚል ስም ብቻውን ይበቃል። ጅማ ውስጥ ስንት አሊ እንዳለ ለአንቺ አልነግርሽም!

ኖድ ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ዘግቶታል። አሁን እንዲህ ያለ ፊደል ሄደር ውስጥ ካየ ስህተት ብሎ ያቆማል። ትክክሉም እሱ ነው፤ አጽድቶ ከማሳለፍ አለመቀበል ይሻላል። የእንግዳ ስም ያለበት ደረሰኝ የምታስወርጂ ከሆነ ግን ሄደሩን በእጅሽ አትጻፊው። የጃንጎ ፋይል ሪስፖንስ የአማርኛውን ስም ራሱ ኮድ አድርጎ ይልክልሻል።

ሰርቨሩ ውስጥ ከገባሽ አይቀር ጃንጎ የሚቀበላቸውን የዶሜይን ስሞች የሚዘረዝረውን «አላውድ ሆስትስ» የሚለውን ሴቲንግም እዪው። ሳይቱን መጀመሪያ ስትጭኚ የ400 ስህተት ይልሻል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ ማንኛውንም ስም የሚያስቀበል ኮከብ ታስገቢና ይሰራል። ሁላችንም አድርገነዋል። ችግሩ ፓስወርድ ማደሻው ሊንክ ላይ ነው። የሳይቱን ስም ከሆስት ሄደር (የትኛው ሳይት እንደተፈለገ ከሚናገረው የጥያቄው ሄደር) የሚወስድ ከሆነ፣ ሄደሩን የሚጽፈው ደግሞ ጠያቂው ነው። አንዱ የእንግዳዋን ኢሜይል ሞልቶ ሆስቱን በራሱ ዶሜይን ይተካዋል። እሷ ከእውነተኛው ሳይት የመጣ እውነተኛ ኢሜይል ይደርሳታል፣ ሊንኩ ግን ወደሱ ይወስዳታል። ከተጫነችው ፓስወርዷን የሚያስቀይረው ሚስጥራዊ ኮድ፣ ቶከኗ፣ እጁ ገባ። እዚህ አዲስ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ስካነርሽም ላይጠቅሰው ይችላል። ኮከቧን አውጪና የዶሜይንሽን ስም ጻፊ።

ማረፊያው በፒኤችፒ የተሰራ አሮጌ «ያግኙን» ፎርም ካለው እሱንም ዝጊው። የላኪው ኢሜይል ሳይፈተሽ ሄደር ውስጥ ከገባ አይፈለጌ መልእክት መላኪያ ያደርጉታል።

ሙከራውን ከማረፊያው ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ ይዘሽ አድርጊ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰርቨር ለሚነካካ ቀልድ አያውቅም። ከዚያ የከርሉን መልስ እዚህ ለጥፊልን። ዶሜይኑንና አይፒውን ግን ሸፍኚው፣ ባለፈው አንዱ እንዳለ ለጥፎት ጉድ ሆኖ ነበር።