አሌክሳ ወይስ ጉግል?

ጥያቄ፦ የእናቴ ዓይን ደክሟል። ወንድሜ ከውጭ በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ሊልክላት ነው። የአማዞኑ አሌክሳ ይሻላል የጉግሉ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አማርኛ አይሰሙም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ አሌክሳ ያለበት ኤኮ የሚባለው የአማዞን ስፒከር አለኝ፤ አባቴ «ዜና አሰማኝ» ብለውት የማይሆን ነገር በእንግሊዝኛ ሲመልስላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው እኔ የጉግሉን እመርጣለሁ፤ እንደ ሰው ወግ ለተጠየቀ ጥያቄ የተሻለ ይመልሳል። የአፕሉ ስፒከር ሆምፖድ ያለ አይፎን ወይም አይፓድ ሥራ አይጀምርም። ደግሞ ሁሉም ሶኬት ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲሄድ ዝም ነው።

ለእናትሽ በእጅ ዳሰሳ የሚለዩ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይላክላቸው። ስፒከሩ ተገዝቶ ከሆነም አይጣልም፤ ከስልክሽ ጋር በብሉቱዝ አገናኝተሽ የሚወዱትን መዝሙር ክፈቺላቸው።